ሙዚቀኛ ነኝ፤ ሥራህስ?

«ሥራህ ምንድን ነው?»
«ሙዚቀኛ ነኝ።»
«እሱስ ይሁን፤ ሥራህን ነው የጠየቅኩህ።»

ይህችን ቀልድ የሰማኋት ከአንድ ሳክስፎን ተጫዋች ነው። እየሳቀ ነበር የሚነግረን፤ በራሱ ላይ የደረሰች መሆኗን ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። በወጣትነቱ የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ባልደረባ ሳለ ሽማግሌ ቢልክ፣ ሽማግሌዎቹ ስለ ሥራው ሲጠየቁ «የመንግሥት ሠራተኛ ነው» ብለው አለፉት። ሳክስፎኑ የታወቀው ከቅልቅል በኋላ ነው።

ነገሩን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። 12ኛ ክፍል የደረሰችው ልጄ በቅርቡ እራት ላይ «ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት እፈልጋለሁ» አለችን። አያቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ባለቤቴ ደግሞ ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። በዚያ ቤት ሁለት ካርቶን ሙሉ ካሴት አልጋ ሥር ያስቀመጠ ሌላ ሰው ስለሌለ የበሽታው መነሻ ወዲያው ታወቀ። በእናንተም ቤት አንድ ቀን እንዲህ ዓይነት እራት ሊኖር ይችላልና እኔ ያሰብኩትን ላካፍላችሁ።

ካሴቶቹ የተሰበሰቡት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ተማሪ ሆኜ ክረምት ክረምት ፒያሳ አካባቢ አንዲት ሙዚቃ ቤት እሠራ ነበር። ሱቋ ከአንድ አልጋ ብዙም አትሰፋም። ደጃፏ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ግን ከሱቋ ሦስት እጥፍ ይጮሃል። የእኔ ሥራ መቅዳት ነበር። ማሽናችን ፈጥኖ መቅዳት የማይችል ስለነበር የስድሳ ደቂቃ ካሴት ለመቅዳት ስድሳ ደቂቃ ይፈጃል። ክሩ ሲያዝ በቢክ እስክሪብቶ ማጠንጠን፣ የቴፑን ሄድ በአልኮል መጥረግ፣ የተቀዳው እንዳይጠፋ የካሴቱን ጥርስ መስበር፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ መስማት። አዲስ ካሴት በወጣ ሳምንት አንዱን አልበም በቀን ሰባትና ስምንት ጊዜ እሰማዋለሁ።

መጀመሪያ ይሰለቻል። በአምስተኛው ቀን ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ጋሼ የምንላቸው የሱቁ ባለቤት «ዘፋኙን ተወውና ከኋላ ያለውን ስማ» ይሉኝ ነበር። በዚያ ዘመን ከሚወጡት ካሴቶች የብዙዎቹ አጃቢ ሮሃ ባንድ ነው። የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ፣ የሰላም ስዩምን ጊታር ከሌላው ለይቼ መስማት የቻልኩት በዚያች ጠባብ ሱቅ ነው። የካሴቱ ሽፋን ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር እየተባለ የሚጻፈውንም ማንበብ የለመድኩት ያኔ ነው። አንድ ዘፈን ለካ የስንት ሰው ድካም ኖሯል! ዛሬ ልጆቻችን በስልክ የሚሰሙት ዘፈን ብዙ ጊዜ የዘፋኙን ስም ብቻ ይዞ ይመጣል። ግጥሙን ማን እንደጻፈው የሚጠይቅ ልጅ ካላችሁ በርቱበት።

ከሁሉ ግን የማልረሳው ዘፈን ያልነበረበትን ካሴት ነው። ነጠላ ያደረጉ አንዲት እናት ባዶ ካሴት ይዘው መጡ። ልጃቸው ካርቱም ነበር። «በአንደኛው ገጽ የሚወዳቸውን ዘፈኖች ሙላልኝ፣ ሁለተኛውን ተውልኝ፤ የምናገረው አለኝ» አሉኝ። ያን ጊዜ ስልክ መደወል እንዲህ ቀላል አልነበረም፤ ሰው በካሴት ነበር የሚነጋገረው። ቴፕ ቤታቸው እንደሌለ ሲነግሩን ጋሼ ወንበር ሰጧቸውና በሩን ገርበብ አደረጉ። እማማ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደ ደብዳቤ ጀመሩ፤ «ለጤናህ እንደምን አለህ፣ እኛ ደህና ነን» አሉ። ከዚያ ዝም። ክሩ ይዞራል። አጠፋዋለሁ ብዬ እጄን ስዘረጋ ጋሼ በዓይናቸው ከለከሉኝ። ረጅም ጊዜ ከቆዩ በኋላ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ላሟ፣ ስለ ተጋባው ዘመድ ማውራት ቀጠሉ። ሲጨርሱ «ያ ዝም ያልኩበት ይጥፋልኝ?» ብለው ጠየቁ። ጋሼም «የለም እማማ፣ እሱን ነው ደጋግሞ የሚሰማው» አሏቸው። ገንዘብም አልተቀበሏቸውም። ስለ ድምፅ ከዚያ በኋላ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ያን ያህል ያስተማረኝ ግን የለም።

ወደ ሥራው ልመለስ። ያ ሳክስፎን ተጫዋች እኔ ሳውቀው ከሠራዊቱ ወጥቶ ሆቴል ይጫወት ነበር። ሰዓት እላፊ ስለነበር አንዴ የምሽት ክበብ የገባ ሰው ሳይነጋ አይወጣም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ጠዋት ከንፈሩ አብጦ ወደ ሱቃችን ጎራ ይልና ሻይ እየጠጣ «ስንት ተሸጠ?» ይለናል። ጥያቄው ቀልድ ነበር፤ ለተቀዳበት ካሴት የተከፈለው አንድ ጊዜ ነው፣ አንድ ሺህ ተሸጠ ሃምሳ ሺህ ለእሱ የሚጨመርለት ነገር የለም። በዚያ ዘመን የተለመደው እንዲያ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም በኋላ ቢሆን ሕጉ ወረቀት ላይ ካለው ጉልበት መንገድ ላይ ያለው ያንሳል። ስለዚህ አያቷ «በምን ትበላለች?» ብለው ሲጠይቁ አልስቅባቸውም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው።

ትክክል ያልሆነው «አዝማሪ ልትሆን?» የሚለው ነው። አዝማሪን ሠርግ ላይ አንግሠን፣ ግንባሩ ላይ ብር ለጥፈን፣ ልጃችንን ሲመስልብን የምንደነግጥ ሰዎች ነን። ሙላቱ አስታጥቄን ቤተሰቦቹ ወደ ዌልስ የላኩት ምህንድስና እንዲያጠና ነበር። እዚያ ያሉ መምህራን የሙዚቃ ዝንባሌውን አይተው መንገዱን ባያሳዩት ኖሮ ኢትዮ ጃዝ የሚባለውን ነገር ዛሬ ማን ያወራው ነበር? ለንደንና ቦስተን ድረስ ሄዶ ተምሮታል፤ ከልጅነት ፍቅር በላይ የዓመታት ትምህርት አለበት። ማህሙድ አህመድ ደግሞ ጫማ ጠርጓል፤ አሪዞና ክለብ ውስጥ ተላላኪ ሆኖ ሲሠራ ዘፋኝ የቀረ ምሽት ነው መድረክ የወጣው። ይህን ሁለተኛውን ታሪክ ወጣቶች ይወዱታል፤ በአንድ ሌሊት የሆነ ስለሚመስላቸው። እኔ ግን ዕድሉ በመጣ ጊዜ ዘፈኖቹን በቃሉ ይዟቸው መገኘቱን ነው የማየው።

«ኮከብ እሆናለሁ» የሚል ልጅ ቢኖረኝ እጨነቅ ነበር። የእኔዋ ያለችው ሌላ ነው፤ ማቀናበር መማር ነው የምትፈልገው። ስለዚህ እኔና እናቷ ዝንባሌዋን ትተን ልምምዷን ጠየቅን። ለሦስት ወር በየቀኑ፣ ማንም ሳይቀሰቅሳት፣ ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች ወይ? የማትወደውን ስኬል ትደጋግማለች ወይ? የብሔራዊ ፈተናው ዝግጅትም እንዳለ ይቀጥላል፤ በዚህ ድርድር የለም። የሠርግ ቪዲዮ፣ ማስታወቂያ፣ ፊልም፣ ማስተማር፤ ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው የሚከፈልባቸውን በሮች ጽፋ እንድታመጣም ጠየቅናት። ዝርዝሩ ከጠበቅነው ይረዝማል። አያቷ አነበቡት፤ መነጽራቸውን አውልቀው «እስቲ እናያለን» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይህ ብዙ ነው።

ሁለተኛ ወራችንን ይዘናል። ያገለገለ ኪቦርድ ገዝተንላታል፤ አንዱ ቁልፍ አልፎ አልፎ ይይዛል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ከታች ያሉት ጎረቤታችን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ድምፅ እንዳይሰማ ለምነውናል፤ እኛም ተስማምተናል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትቀጥላለች። ሳሎን ለተቀመጥነው የሚሰማን የቁልፎቹ ቷ ቷ ብቻ ነው፤ የምትጫወተው ምን እንደሆነ አናውቅም።