«5 ዲግሪ!» ብለን ሼር ከማድረጋችን በፊት

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ማለዳ ስልኬን ስከፍት የቴሌግራም ግሩፓችን በአንድ ስክሪንሾት ተጥለቅልቆ ጠበቀኝ። «አዲስ አበባ 5 ዲግሪ! በታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ብርድ!» ይላል። ከሥሩ የሚንቀጠቀጡ ኢሞጂዎች ተደርድረዋል። እኔም ሳላስብ ለሦስት ሰው ሼር አደረግኩት። ብርዱማ እውነት ነው፤ ጣቶቼ ስክሪኑን በቅጡ መንካት አቅቷቸው ነበር።

ስወጣ የግቢያችን ጥበቃ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው እጃቸውን ከሰል ላይ ያሞቃሉ። ስልኬን አሳየኋቸው። «አባባ፣ 5 ዲግሪ ገብቷል እኮ! እንዲህ ሆኖ አያውቅም እየተባለ ነው» አልኳቸው። አየት አደረጉኝና «ልጄ፣ ታኅሣሥ አይደል እንዴ? አሁን ያልበረደ መቼ ሊበርድ ነው?» አሉኝ።

አፈርኩ። እሳቸው ያለ ኢንተርኔት ያደረጉትን እኔ ስማርትፎን ይዤ አላደረግኩም። የዛሬን ብርድ ከታኅሣሥ ብርድ ጋር አነጻጸሩ። እኔ ግን አንዲት ቁጥር አየሁና ደነገጥኩ።

የዛሬው ጽሑፌ ስለዚህች ቁጥር ነው። ስልካችን የዛሬው ሙቀት ስንት እንደሆነ ይነግረናል፤ በዚህ ወቅት ስንት መሆን እንደነበረበት ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነግረንም። ማነጻጸሪያ የሌለው ቁጥር ደግሞ ወሬ እንጂ መረጃ አይሆንም።

እስቲ ያችኑ 5 ዲግሪ ይዘን እንጓዝ። ዋሺንግተን ያለ ወንድማችሁ በጥር አጋማሽ «ሌሊቱ 5 ዲግሪ ነበር» ቢላችሁ «እንኳን ደስ አለህ፣ ሞቆላችኋል» በሉት። እዚያ በወሩ የሌሊቱ አማካይ ከዜሮ ትንሽ ዝቅ ይላል። ዱባይ ያለች እህታችሁ በዚያው ወር ያንኑ ብትላችሁ ግን ትልቅ ዜና ነው፤ የዱባይ የጥር ሌሊት በአማካይ ወደ 14 እና 15 ዲግሪ ነውና። አዲስ አበባስ? በታኅሣሥ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት በአማካይ ወደ 7 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ 5 ማለት ከተለመደው ሁለት ዲግሪ ዝቅ ያለ፣ ቀዝቃዛ ግን እንግዳ ያልሆነ ሌሊት ማለት ነው። «በታሪክ ታይቶ የማይታወቅ» የሚያሰኝ አይደለም።

«የተለመደው» የምንለው ከየት መጣ? የአየር ጠባይ ባለሙያዎች «መደበኛ» ሲሉ ትናንትን ወይም አምናን ማለታቸው አይደለም። የ30 ዓመት መዝገብ አማካይ ነው። በዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት አሠራር አሁን የሚያገለግለው ከ1991 እስከ 2020 (እ.ኤ.አ.) ያለው ነው። 30 ዓመት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ለየት ያለ ዓመት ብቻውን ሚዛኑን እንዳያዛባ ነው። ወቅትም ይለያል። የእኛው ኢንስቲትዩት ዓመቱን በጋ፣ በልግና ክረምት ብሎ በሦስት ከፍሎ ትንበያ የሚሰጠው ለዚህ ነው። የታኅሣሥን ሌሊት ከግንቦት ሌሊት ጋር ማነጻጸር ሎሚን በብርቱካን መመዘን ነው።

አሁን ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ቦታ መጣን። ቀንና ሌሊትን ለየብቻ ማየት አለብን። በአዲስ አበባ በሐምሌ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ወደ 21፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ ደግሞ ወደ 10 ዲግሪ ነው። በታኅሣሥ ቀኑ ወደ 23፣ ሌሊቱ ወደ 7። ሁለቱን ደምራችሁ ለሁለት ብታካፍሉ ሐምሌ 15.5፣ ታኅሣሥ 15 ይመጣል። አማካዩን ብቻ ያየ ሰው «ሁለቱ ወራት አንድ ናቸው» ሊል ነው! በሐምሌ ጃኬት ለብሶ የዋለና በታኅሣሥ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ያደረ ሰው ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። የሐምሌ ብርድ የቀን ብርድ ነው፤ የታኅሣሥ ብርድ የሌሊት ነው።

ምክንያቱ ደመና ነው። ክረምት ላይ ደመናው ቀን ፀሐይዋን ይጋርዳታል፤ ማታ ደግሞ መሬቷ የያዘችው ሙቀት እንዳያመልጥ እንደ ጋቢ ይሸፍናታል። በጋ ላይ ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩም ይደርቃል። ቀን ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ማታ ጋቢው የለምና ሙቀቱ ወደ ሰማይ ይበናል። ከቀኑ 9 ሰዓት አካባቢ በቲሸርት የነበርን ሰዎች ንጋት 12 ሰዓት ላይ የምንንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። በከተራ ዕለት ጃንሜዳ ያደረ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያስረዳል።

ወደ ስክሪንሾቱ ልመለስ። በኋላ የዚያኑ ዕለት የቀን ሙቀት አየሁት፤ 25 ዲግሪ ነበር። ሌሊቱ ከመደበኛው በሁለት ዝቅ፣ ቀኑ በሁለት ከፍ። አማካዩ 15፤ ልክ እንደ መደበኛው። ነገሩ የጠራ ሰማይ ሥራ ነበር። «በታሪክ ታይቶ የማይታወቅ» ያለው ሰውዬ ቀን ላይ ሻሽ ጠምጥሞ ፀሐይ ሲሸሽ ያየው የለም!

ሌላም ነገር አለ። ስልካችሁ ቴርሞሜትር አይደለም። የሚያሳያችሁ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ ቦታን በአንድ ላይ ከሚያሰላ የኮምፒውተር ስሌት የመጣ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከአቃቂ እስከ እንጦጦ ወደ 900 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት አላት። ቀን ላይ ይህ ብቻውን አምስት ዲግሪ ገደማ ሊለያይ ይችላል። በጣቢያ የሚለካውም ቢሆን ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ብሎ ጥላ ውስጥ ባለ ነጭ ሳጥን ነው። መሬቱ ራሱ በጠራ ሌሊት ከዚያ በላይ ይቀዘቅዛል። በደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ ገበሬ ትንበያው 2 ወይም 3 ዲግሪ እያለ ማለዳ ባቄላው ውርጭ መትቶት ሊያገኘው የሚችለው በዚህ ነው።

እንግዲህ እውነተኛው ዜና የቱ ነው? እኔን የሚያሳስበኝ ማንም ስክሪንሾት የማያነሳው ነው። ሌሊቶቻችን ቀስ በቀስ እየሞቁ ነው። የቀድሞው ብሔራዊ ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሰነድ የሀገሪቱ ዓመታዊ ዝቅተኛ ሙቀት በየ10 ዓመቱ በ0.37 ዲግሪ ገደማ ሲጨምር እንደቆየ አስፍሯል። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ የተዘጋጀ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ1960 እስከ 2003 ባለው ጊዜ በኢትዮጵያ «ሞቃት» የሚባሉ ቀናት በዓመት በ73 ሲጨምሩ፣ «ሞቃት» የሚባሉ ሌሊቶች በ137 ጨምረዋል ይላል። የሌሊቱ ጭማሪ ከቀኑ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

«ሌሊት ቢሞቅ ምን ችግር አለው? ደስ አይልም?» የምትሉ አላችሁ። ወባን ጠይቁ። ከባዱን ወባ የሚያመጣው ተውሳክ ከ18 ዲግሪ ገደማ በታች በትንኟ ሰውነት ውስጥ ማደግ ይሳነዋል። የደጋውን ሰው ለዘመናት የጠበቀው ቅዝቃዜው ነበር። ከ1993 እስከ 2005 ከቢሾፍቱ አካባቢ የተሰበሰበ የወባ ሕሙማን መዝገብን ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ሥራ፣ ሞቃት በሆኑ ዓመታት በሽታው ወደ ከፍታ ቦታዎች እንደሚወጣ አሳይተዋል። ይህ ለውጥ በአንድ ማለዳ ስልክ ላይ አይታይም። የሚታየው የዛሬውን ከመደበኛው ጋር ዓመት ከዓመት እያስተያዩ ሲሄዱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ጥያቄ አለኝ። የአየር ትንበያ የምታቀርቡ ሚዲያዎች፣ እኛንም ጨምሮ፣ ከዛሬው ቁጥር ጎን የወቅቱን መደበኛ ቁጥር አስቀምጡልን። «የሌሊቱ 5፣ መደበኛው 7» ለማለት አንድ መስመር ይበቃል። ኢንስቲትዩቱ በወቅታዊ ትንበያው «ከመደበኛ በላይ»፣ «መደበኛ»፣ «ከመደበኛ በታች» ማለቱን ለምዶናል፤ ያንኑ በየቀኑ፣ በየከተማው፣ ለስልክ በሚመች መልኩ ያድርግልን። እኛም ሼር ከማድረጋችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ ቁጥሩ የቀን ነው የሌሊት? መደበኛው ስንት ነው? ለአንድ ቀን ነው ወይስ ለሳምንታት የቆየ? በየታኅሣሡ «ታሪካዊ ብርድ» እያልን ከጮህን፣ እንደዚያ «ጅብ መጣ» እያለ መንደሩን እንዳታለለው እረኛ፣ እውነተኛው የመጣ ቀን የሚሰማን አናገኝም።

አንድ ነገር ግን አደራ። «መደበኛ ነው» ማለት «ችግር የለውም» ማለት አይደለም። ያን ዕለት ማታ ስመለስ አባባን በሌላ ዓይን አየኋቸው። ለእኔ 5 ዲግሪ ስክሪንሾት ነው፤ ለእሳቸው 12 ሰዓት ሙሉ የሚቀመጡበት ነው። የጥበቃ ቤታቸው በር የለውም። ውጭ የሚያድሩ ልጆችማ ቤትም የላቸው። እንዲያውም መደበኛ መሆኑ ጥፋታችንን ያብሰዋል። ድንገት የመጣ ብርድ ቢሆን «አላወቅንም» እንል ነበር። ይሄኛው ግን በየዓመቱ፣ በዚያው ወር፣ ወደዚያው ቁጥር ይመጣል። የ30 ዓመት መዝገብ ያለው እንግዳ «ሳይታሰብ መጣ» አይባልም።

ከግቢው ወጣቶች ጋር አዋጥተን ለጥበቃ ቤቱ በር አስገጠምን። ብዙ ገንዘብ አልነበረም። አባባ በሩን ከፈት ዘጋ አድርገው ሞከሩትና «ጥሩ ነው፣ ተባረኩ» አሉ። ቀጥለው «ታኅሣሥ ግን ሊያልቅ ነው፤ ይሄን ኅዳር ላይ ብታስቡት ኖሮ» ብለው ሳቁ።

ልክ ናቸው። የዘንድሮውን ኅዳር ካላንደሬ ላይ ከአሁኑ ምልክት አድርጌበታለሁ።