ማሃለቅን ማን ገደለው?

በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ በራስ ተፈሪ ቤት ሙዚየም፣ በመስታወት ስር የተቀመጡ ጥቃቅን ሳንቲሞች አሉ። ጎብኚው ጎራዴውንና ጥንታዊ ቁርዓኑን እያደነቀ ያልፋቸዋል። አይፈረድበትም፤ አንዳንዱ የጥፍር ያህል ነው፣ ጠርዙም ወጣ ገባ ነው። እኔ ግን ሐረር በገባሁ ቁጥር ሳላያቸው አልወጣም። ማሃለቅ ናቸው፣ የሐረር አሚሮች ገንዘብ። አማርኛችንም መሐለቅ የሚል ቃል አለው፤ ገበያ ላይ ግን ሁላችንም «ሳንቲም» ነው የምንለው።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ሲገባ ከተማው የሚገበያየው በዚህችው የነሐስ ሳንቲም ነበር። በአንድ ገጿ «በሐረር የተመታ» የሚል የዓረብኛ ጽሑፍ፣ በሌላው ደግሞ 1248 ዓመተ ሂጅራ እንዳለባት ጽፏል። 22 ማሃለቅ አንድ አሽረፊ፣ 3 አሽረፊ አንድ ጠገራ ብር። አሽረፊው በዚያን ጊዜ የሂሳብ ስም እንጂ በእጅ የሚያዝ ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ አንድ ጠገራ የያዘ ነጋዴ 66 ማሃለቅ ይቆጠርለታል ማለት ነው። ከተማው ውስጥ በሌላ ገንዘብ ሲገበያይ የተገኘ ደግሞ ከአሚሩ ቅጣት አያመልጥም ነበር።

ማሃለቅን የገደለው የጨለንቆ ጦርነት ነው ሲባል እሰማለሁ። አይመስለኝም። ምኒልክ በዚሁ ጦርነት ድል አድርገው ሐረርን የያዙት በ1879 ዓ.ም. ነው። ከተማውን ይዘው የነበሩት ግብጾች ከወጡ በኋላ ዙፋኑን የተረከቡት የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ ግን ከዚያ በፊት አዲስ ገንዘብ አውጥተው ሕዝቡን አደኽይተውት ነበር። ሕመሙ የጀመረው ከውስጥ ነው። አሸናፊው ምኒልክ እንኳ ስሙን አልናቁትም፦ በ1885 ዓ.ም. እዚያው ሐረር ላይ ማሃለቅ የተባለች ትንሽ የብር ሳንቲም አስመትተዋል። ድል አድራጊ የተሸናፊውን ገንዘብ ስም ሲወርስ፣ እኔ ይህን ብልህነት እለዋለሁ።

ጠገራው፣ ያቺ ጡታሟ የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያለችበት፣ ግን ሁሉንም አልፎ ኖረ። 1780 የሚል ዓመት ለብሶ ከንግሥቲቱ ሞት በኋላም መመታቱ አልቆመም። ምኒልክ የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር ፓሪስ ድረስ ልከው ቢያስመቱም ገበሬው የለመደውን አልለቅም አለ። ማኅተሙን ሳይሆን ክብደቱን ነበር የሚያምነው።

ይህን ሳስብ አክስቴ ትዝ ትለኛለች። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖት ሲቀየር ሦስት ወር ተሰጠ፤ እሷ ግን ከሣጥኗ ስር፣ በነጠላ ቅዳጅ ቋጥራ የረሳቻቸውን አራት መቶ ብሮች ያገኘችው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነው። አብሯቸው ከእናቷ የወረሰችው አንድ ጠገራ ነበር። ቋጠሮውን እንዳለ ይዘን ወደ አንድ ብር አንጥረኛ ሄድን። ሰውዬው ጠገራውን አንስቶ ሚዛን ላይ አኖረና ዋጋ ጠራ። አክስቴ ኖቶቹን ደግሞ ዘርግታ «እነዚህስ?» አለችው።

«እነሱን እንኳ ለልጆች መጫወቻ ይስጧቸው፣ እማማ።»