ለጌጫ ምን ተመለሰላት?

«ልውውጥ» የሚለው ቃል በአማርኛ ብቻውን አይቆምም። ሰላምታ የሚለዋወጡ ሁለት ናቸው፤ ቀለበት የሚለዋወጡ ሁለት ናቸው፤ ጥይት የሚለዋወጡ እንኳ ሁለት ናቸው። አንድ ሰው ብቻውን «ተለዋወጠ» ከተባለ ወይ ፊቱ ነው፣ ወይ ጠባዩ። እንግዲህ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለሦስት ወይም ለስድስት ወር ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ሲሄድና ጉዞው «የምርምር ልውውጥ» ተብሎ ሲጠራ፣ ቃል የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ማንሣት ይገባዋል፦ ሰጪው ማን ነው? ተቀባዩስ ማን ነው? በምላሹ የተሰጠውስ ምንድን ነው?

ክርክሬን ከወዲሁ ልናገር። ዛሬ «ልውውጥ» የምንለው በአመዛኙ መውሰድ ነው። ዕዳው በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች መካከል ያለ ይመስለናል፤ ዳሩ ግን ዕዳው ያለው በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎችና ዕውቀቱን ከነዛፉ ጠብቆ ባቆየው ገበሬ መካከል ነው። መክፈያውም ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋ ነው።

ነገሩን በአየር ላይ ተንሳፎ እንዳይቀር በአንድ ስፍራ እናቁመው። ከቴፒ ወደ ማሻ በሚወስደው መንገድ ላይ ጌጫ የምትባል ከተማ አለች፤ በሸካ ዞን የአንድራቻ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋን የከበባት ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የሰውና የሕያው ከባቢ ጥብቅ ስፍራዎች መዝገብ የሰፈረው የሸካ ደን ነው። ይህ ደን እስከ ዛሬ የቆየው ዘበኛ ስለ ተቀጠረለት አይደለም። የሸካ ሰው ደኑን «ኮቦ» በሚለው ሥርዓት እየተካፈለ፣ ይህ የእገሌ ቤተሰብ ቀፎ መስቀያ ነው፣ ያ የእገሌ ነው እየተባባለ፣ ምሳር የማይነሣባቸውን የአምልኮ ስፍራዎች እያከበረ ስላቆየው ነው። ማሩ፣ ኮረሪማው፣ ጥምዙና የጫካ ቡናው ሁሉ በዚህ ሥርዓት ጥላ ሥር የበቀሉ ናቸው።

አሁን አንድ ተማሪ በዓይነ ሕሊናችን እናምጣ። ስም የለውም፤ ብዙዎችን ስለሚመስል ስም አያስፈልገውም። የጥናቱ ርእስ የጫካ ቡና ነው። ጌጫ ወርዶ ሦስት ሳምንት ይሰነብታል። አንድ አዛውንት ከፊት ከፊት እየመሩ፣ ይህ ቡና ቀድሞ ይደርሳል፣ ያኛው ዝናብ ሲበዛ አይታመምም፣ ይህንን ደግሞ አባቴ ከወንዙ ማዶ አምጥቶ ነው የተከለው እያሉ ያሳዩታል። እሱም ቅጠሉን በየከረጢቱ ይሰበስባል፤ ቃላቸውንም በማስታወሻው ይጽፋል። ከዚያ ወደ ውጭ አገር ይበራል። መብረሩን አልነቅፍም፤ መሣሪያው እዚህ የለም፤ ቢኖርም ኬሚካሉን ለመግዛት የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል። በሦስት ወር ውስጥ የቅጠሉን ውርስ ይፈትሻል፣ ብርድ ይለምዳል፣ የምስክር ወረቀት ይቀበላል። በመጨረሻም ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይወጣል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ አዛውንቱ «ቁልፍ መረጃ ሰጪ ቁጥር 7» ሆነዋል። ጌጫም በኬክሮስና በኬንትሮስ ልክ ተመልክታ ሁለት ቁጥር ሆናለች። ከወንዙ ማዶ ቡና ያመጡት አባትማ ጨርሶ የሉም።

ይህ የአንድ ተማሪ ጥፋት አይደለም፤ የቆየ ልማድ ነው። የደቡብ ምዕራብ ቡና ታሪክ ራሱ ይመስክር። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ከዚሁ አካባቢ የተለቀመ የቡና ዘር በታንዛንያ በኩል ኮስታ ሪካ፣ ከኮስታ ሪካ ፓናማ ደረሰ። በ2004 እ.ኤ.አ. በፓናማ ጨረታ የዋጋ ክብረ ወሰን ሰብሮ ዓለምን አስደነቀ። ስሙ ከጌሻ የመጣ ነው። ነገር ግን አጻጻፉ ስለ ተዛባ፣ ብዙ ጠጪ ከጃፓን ሴት ዘፋኞች ጋር የተያያዘ ስም መሰለው። ዘሩ ሲሄድ ስሙ እንኳ በወጉ አልተሸኘም።

በዚያው በ2004 እ.ኤ.አ. ሌላም ነገር ተሰማ። የብራዚል ተመራማሪዎች በተፈጥሮው ካፌይን የሌለው ሊባል የሚችል የአረቢካ ቡና ማግኘታቸውን «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አስታወቁ። ከ3,000 ያህል ዛፎች መካከል የተለዩት 3 ዛፎች ምንጫቸው ኢትዮጵያ ነበረች፤ ዘሩም በ1964 እና በ1965 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ያሰማራው ቡድን ከአገራችን የሰበሰበው ነበር። ዛፎቹ ግን አንድ ስመ ጥር የብራዚል የቡና ሊቅ እንዲታወስባቸው በእሱ ስም መነሻ ፊደላት ተሰየሙ። ሊቁ ክብር ይገባው ይሆናል፤ አልከራከርም። ነገር ግን ሦስት ዛፎች ነበሩና፣ ከሦስቱ ለአንዱ እንኳ የመንደሩን ስም መስጠት ይህን ያህል ይከብድ ነበርን?

በባዕድ ላይ ብቻ ጣት መቀሰር ግን ቀላል ነው፤ እውነትም አይሆንም። የቡና ፍሬ በሽታ በ1971 እ.ኤ.አ. አገራችን በገባ ጊዜ የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን የፈለጉት በባሕር ማዶ አልነበረም። በየገበሬው ማሳና በየጫካው ዞረው በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን መረጡ። ከእነዚያ የተገኙት ዝርያዎች እስከ ዛሬ ድረስ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ማሳዎች ይተከላሉ። ይህ የሚያኮራ ሥራ ነው፤ ማንም አገር ጥሎ ሳይሄድ የተሠራ ነው። ስማቸው ግን ምንድን ነው? 74110፣ 74112። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት ያመለክታሉ። ዓመቱ ተመዘገበ፤ ዛፉን ኮትኩቶ ያቆየው ገበሬ ግን በስሙ ውስጥ ቦታ አላገኘም። እንግዲህ ሰውን ወደ ቁጥር መለወጥ የፈረንጅ ጠባይ ብቻ አይደለም፤ የእኛም ነው።

«አጭር የምርምር ልውውጥ» ለአገራችን አዲስ ነገር የሚመስለው ካለ ወደ 1652 እ.ኤ.አ. ይመለስ። አባ ጎርጎርዮስ የተባሉ የአምሐራ ሰው በሮም ሳሉ የተዋወቁት ወጣት ጀርመናዊ፣ ኢዮብ ሉዶልፍ፣ ወደ ጎታ አስጠራቸው። በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ጥቂት ወራት ተቀምጠው በግዕዝ እየተነጋገሩ የአገራቸውን ቋንቋ፣ ታሪክና ልማድ አስተማሩት። ከዚያ ንግግር የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 እ.ኤ.አ. የአማርኛ ሰዋስው ተወለዱ። አባ ጎርጎርዮስ ግን አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም፤ በ1658 እ.ኤ.አ. በሜዲትራኒያን ባሕር መርከብ ተሰብሮ ሞቱ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚመሰገን ነገር አለ፤ ሉዶልፍ የመምህሩን ስም አልደበቀም። ይህን ከማን እንደ ሰማ ጽፏል፤ መልካቸውንም አሳትሟል። አባ ጎርጎርዮስ «መረጃ ሰጪ ቁጥር 1» አልተባሉም። የሚያሳዝነው ግን መጽሐፉ የተጻፈው በላቲን መሆኑ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ለተወለዱበት አገር ሰው የተዘጋ በር ነበር። የሦስት መቶ ሰባ ዓመት ርቀት ቢኖርም ያ በር ዛሬም እንደ ተዘጋ ነው፤ የተለወጠው የመቆለፊያው ስም ብቻ ነው። ያኔ ላቲን ነበር፤ ዛሬ እንግሊዝኛ ነው። ስሙን በመጥቀስ ረገድማ ከሉዶልፍ ወደ ኋላ ቀርተናል።

አንዳንዶች «ሳይንስ አገር የለውም» ይሉኛል። መልካም፤ ሳይንስ አገር ባይኖረው፣ ሳይንቲስቱ ግን ፓስፖርት አለው፤ መጽሔቱ ዋጋ አለው፤ የጨረታው ገንዘብም የሚገባበት ኪስ አለው። አገር የለውም የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ከአንድ አገር ወጥቶ ወደ ሌላ አገር ሲገባ ብቻ ለምን ይታያል?

ሌሎች ደግሞ «ገበሬ ጥናት አንብቦ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ይህ ክርክር አይደለም፤ ንቀት ነው። ተማሪው የመጀመሪያውን ትምህርት የተማረው ከማን ሆነና! የትኛው ዛፍ ከትኛው እንደሚለይ ያወቀ ሰው፣ ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ ቢነገረው አይገባውም ማለት፣ አስተማሪውን ከክፍሉ አስወጥቶ መመረቅ ነው።

ሦስተኞቹ «እንግዲያው በሩን እንዝጋ፤ ማንም አይሂድ፣ ማንም አይምጣ» ይላሉ። ከእነዚህም ጋር አልስማማም። የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትን የሚገዛ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን፤ ዘሩንም ዕውቀቱንም ከነጣቂ ሊጠብቅ የወጣ ነው፤ ይከበር። ነገር ግን አዋጅ መውጫውን ቢጠብቅም መመለሻውን ብቻውን አያረጋግጥም። ተዘግቶ የሚቀር ቤት ደግሞ ሌባ ባይገባበትም ምስጥ ይበላዋል። ተማሪው ይሂድ፤ ማሽኑን ይልመድ፤ ከሌላው ዓለም ጋር ይከራከር። ጥያቄዬ የመሄዱ አይደለም፤ የመመለሱ ነው።

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ዓለም «ሳንድዊች» የሚባል አሠራር አለ፤ ተማሪው ጥናቱን እዚህ ይጀምራል፣ መካከሉን በውጭ አገር ያሳልፋል፣ እዚህ ተመልሶ ይፈጽማል። ስሙ ያስቃል፤ ግን እውነት ይናገራል። በሳንድዊች ዳቦው መያዣ ነው፤ ጣዕሙ ያለው መካከሉ ላይ ነው። ጌጫ በዚህ ማዕድ ላይ ዳቦ እንኳ አልሆነችም። እርሷ ስንዴው የበቀለባት መሬት ናት፤ በማዕዱ ላይ ስሟን የሚያነሣ የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ተማሪው ጽሑፉን ለመከላከል ከመቅረቡ በፊት ያገኘውን ነገር አሥር ገጽ በማይሞላ አማርኛ ይጻፍ፤ በሸኪ ኖኖም ያስተርጉመው። የሸካ ሰው የአፍ መፍቻው አማርኛ አይደለምና፣ በአማርኛ ብቻ መጻፍ አንዱን መቆለፊያ በሌላ መለወጥ ይሆናል። ጽሑፉም በጌጫ ትምህርት ቤት ይቀመጥ፤ ማንበብ ለማይችሉት በሸንጎ ፊት ይነበብላቸው። አዛውንቱ ከፈቀዱ በስማቸው ይጠሩ፤ ምስጋናው በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ ሳይሆን ዕውቀታቸው በተጠቀሰበት ቦታ ይስፈር። ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲም በሦስት ወሩ ፈንታ የራሱን ተማሪ ለሦስት ወር ወደ ሚዛን ወይም ወደ ቴፒ ይላክ። ያ ተማሪ ናሙና ለቃሚ ሆኖ አይምጣ፤ ተማሪ ሆኖ ይምጣ፤ ከቀፎ ሰቃዩም ሥር ተቀምጦ ይማር። ያን ጊዜ «ልውውጥ» የሚለው ቃል ሁለተኛ እግሩን ያገኛል።

ውድ አንባቢ፣ ይህ የእርሻ ምሁራን ጉዳይ ነው፣ እኔ የግጥምና የልብ ወለድ ወዳጅ ነኝ ብለህ እንዳታልፈው። «ኮቦ» ለሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ቢፈለግ «የመሬት ይዞታ» ከሚል የተሻለ አይገኝለትም፤ በዚያ ትርጉም ውስጥ ደግሞ ማሩም፣ ጎረቤቱም፣ ዛፉን የፈራው እጅም የሉም። ቃሉ በሚናገረው ሰው አፍ ብቻ ከቀረና እርሱም ካረፈ፣ ደኑ ቢቆም እንኳ የደኑ ሐሳብ ይሞታል። የቋንቋ አካዳሚ ምሁራን የሳይንስና የቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በአማርኛ ለማዘጋጀት የደከሙት ለመደርደሪያ ጌጥ አልነበረም። ሳይንስ የማይጻፍበት ቋንቋ ቀስ በቀስ ለልቅሶና ለሠርግ ብቻ የሚያገለግል ይሆናል፤ የዚያን ጊዜ ግጥሙም ይደኸያል።

አበው «ብድር በምድር» ይላሉ። ብድሩ የተወሰደው ከዚህ ምድር ነው፤ ከጌጫ፣ ከማሻ፣ ከቴፒ ጫካ። የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ምሁር ሁሉ፣ ከወረቀቱ ጎን ለአዛውንቱ ያነበበላቸውን አሥር ገጽ ይስቀል። ያልቻለ ግን ጉዞውን በሌላ ስም ይጥራው፤ «ልውውጥ» የሚለውን ቃል ለሚለዋወጡ ይተውላቸው።