ዘፈኑ ቀርቶ ዘፋኟ ሄደች

የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 2020 ያወጣው መግለጫ አጭር ነበር፤ ያስከተለው ጉዳት ግን እስካሁን በቅጡ አልተመረመረም። ኅብረቱ የሚያዘጋጀው የሮተርዳሙ ዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር በኮሮና ምክንያት ከተሰረዘ ገና ሁለት ቀኑ ነበር። ለ2020 የተመረጡት ዘፈኖች በውድድሩ ደንብ መሠረት ለ2021 መቅረብ እንደማይችሉ ተነገረ። ዘፋኞቹን ግን የየአገሩ ማሰራጫ ቢፈልግ መልሶ ይልካል፣ ቢፈልግ ይለውጣል ተባለ። 41 አገሮች ለወራት አወዳድረው የመረጧቸው ዘፈኖች አንዴም ሳይወዳደሩ ቀሩ። ከእነዚህ አንዱ የእስራኤል «ፍቅር ልቤ» ነው። በውሳኔው የተጎዳው እርሱ ብቻ ባይሆንም ለአማርኛ ተናጋሪ ጉዳቱን ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው እርሱ ነው።

የእስራኤል ምርጫ በዚያ ዓመት ሁለት እርከን ነበረው። መጀመሪያ ዘፋኟ ተለየች። ኢየሩሳሌም የተወለደችው ኤደን አለነ በፌብሩዋሪ የቴሌቪዥኑን የድምፃውያን ውድድር አሸንፋ፣ አገሪቱን በዩሮቪዥን እንድትወክል የተመረጠች የመጀመሪያዋ ቤተ እስራኤላዊት ሆነች። ቀጥሎ ካን የተባለው የሕዝብ ማሰራጫ አራት ዘፈኖች ይዞ ቀረበ፤ ማርች 3 ቀን ከአራቱ «ፍቅር ልቤ» ተመረጠ። ደራሲዎቹ ዶሮን መዳሊ እና ኢዳን ራይኸል ናቸው። መዳሊ በ2018 ለእስራኤል ድል ያመጣውን «ቶይ»ን ከጻፉት አንዱ ሲሆን፣ ራይኸል ደግሞ አማርኛን በሥራዎቹ ውስጥ ማስገባት ከጀመረ ያኔ ዓመታት አልፈውታል። ዘፈኑ እንግሊዝኛን፣ ዕብራይስጥን፣ ዐረብኛንና አማርኛን በሦስት ደቂቃ ውስጥ አብሮ አሰማ። ይህ የሆነው ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች አንድ ልጃቸው በፖሊስ ጥይት ከተገደለ በኋላ አደባባይ ወጥተው አውራ ጎዳናዎችን በዘጉ በዓመቱ ውስጥ ነው። ዘፈን የፖሊስን አሠራር አይለውጥም፤ ማንም እንዲያ አላለም። ሆኖም አንድ አገር በሚሊዮኖች ፊት «ድምፄ ይህ ነው» ብሎ የሚያቀርበውን ሲመርጥ፣ በውስጡ የማንን ቋንቋ እንደሚያሰማ እየወሰነ ነው። እስራኤል ያን ጊዜ ወሰነች። ውሳኔው የቆየው ግን 17 ቀን ብቻ ነው።

አሁን «በደንቡ መሠረት» ወደሚለው እንመለስ፤ ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚህ ሐረግ ላይ ነውና። ደንቡ አንድ ዘፈን ከውድድሩ በፊት ባለው ዓመት ከሴፕቴምበር 1 ቀደም ብሎ ለገበያ መቅረብ የለበትም ይላል። ዓላማው ግልጽ ነው፤ አንዱ አገር አውሮፓ በሙሉ የሚያውቀውን ተወዳጅ ዘፈን ይዞ፣ ሌላው ማንም ያልሰማውን ይዞ እንዳይገናኙ ነው። መልካም ዓላማ ነው። በ2020 ግን 41ዱም ዘፈኖች የወጡት በተቀራራቢ ጊዜ ነው፤ ሁሉም ያለ ውድድር ቀሩ፤ ኅብረቱ ራሱም በሜይ 16 ቀን ባዘጋጀው ልዩ የቴሌቪዥን ዝግጅት 41ዱንም ለተመልካች አስተዋወቀ። ቀዳሚና ተከታይ በሌለበት ቀዳሚው እንዳይጠቀም ተብሎ የተጻፈ ደንብ ማንን ይጠብቃል? ደንቡን ጥሷል ሊባል የሚችል ማሰራጫ አንድም አልነበረም። ሁሉም ቀኑን ጠብቀው፣ ሥርዓቱን አሟልተው ነበር የመጡት። መድረኩን ያጡት በራሳቸው ጥፋት አይደለም።

ደግሞስ ደንቡን የጻፈው ማን ሆነና ነው እጃችን ታስሯል የሚባለው? ራሱ ኅብረቱ ነው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ ይኸው ኅብረት ሌላ ደንብ አላላ። ተቀባዮች ከመድረኩ በቀጥታ እንዲያዜሙ የሚያስገድደውና ለአሥርተ ዓመታት የኖረው ደንብ ለአንድ ዓመት ተነሥቶ፣ በቴፕ የተቀዳ የተቀባይ ድምፅ ተፈቀደ። ምክንያቱ ወረርሽኙ ነው፤ ወደ ሮተርዳም የሚጓዘው ሰው እንዲያንስ። ቀጥሎ መጓዝ የማይችል አገር ካለ በአገሩ የተቀዳው ዝግጅት ይተላለፍለታል ተባለ፤ አውስትራሊያ በዚህ መንገድ ተወዳደረች። እነዚህ ለውጦች ትክክል ነበሩ፤ ለአስቸጋሪ ጊዜ የተሰጡ አስተዋይ መልሶች ናቸው። ሆኖም ሕያው ድምፅን ለሚያህል የውድድሩ ምሰሶ ወረርሽኙ በቂ ምክንያት ከሆነ፣ ለአንድ የቀን ገደብ የማይበቃበትን ምክንያት ኅብረቱ ሊነግረን ይገባ ነበር። መግለጫው ደንቡን ጠቀሰ እንጂ ለምን እንደማይላላ አላስረዳም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ዘፈንና ዘፋኝ የተለያዩበት መንገድ ነው። ዩሮቪዥን የዘፈን ውድድር ነው። ከ1956 ጀምሮ ስሙም ሥርዓቱም ይህን ይላል። ታዲያ ከሁለቱ አንዱ መጣል ነበረበት ከተባለ የተጣለው ተወዳዳሪው ራሱ፣ ማለትም ዘፈኑ ሆነ፤ እንዲመለስ የተፈቀደለት አቅራቢው ነው። ለእኩልነት ታስቦ ነው እንዳይባል፣ አስቀድሞ መታወቅ ጥቅም ከሆነ ጥቅሙ ከዘፋኙም ጋር ይጓዛል። የአይስላንዱ ዳዲ ፍሬየር በ2020 ዘፈኑ በኢንተርኔት ዓለምን አዳረሰ። በ2021 በአዲስ ዘፈን ሲመለስ ያን ሁሉ ዝና ይዞ ነው፤ አራተኛም ወጣ። ዘፈኑ እንዲቀር ሲደረግ ዝናው አልቀረም። ከሃያ የሚበልጡ የ2020 ተመራጮች እንዲሁ ተመልሰዋል። ስለዚህ ውሳኔው እኩልነትን አላመጣም። ዋናውን ጉዳት የተሸከሙት ግጥምና ዜማ ደራሲዎቹ ናቸው፤ «ዘፋኙን መልሳችሁ ላኩ» የሚለው ፈቃድ ለእነርሱ የሚያተርፈው ነገር የለም።

ለውሳኔው የሚቆም ሰው የሚያነሣቸው ሁለት ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ የ2021ን ዕድል ይጠብቁ የነበሩ ሌሎች ደራሲዎች በሩ ይዘጋባቸው ነበር የሚል ነው። እውነት አለው። ነገር ግን ምርጫው እንደ ዘፋኞቹ ሁሉ ለየማሰራጫው ቢተው ኖሮ፣ ፌስቲቫላቸውን በየዓመቱ የሚያካሂዱት ጣሊያንና ስዊድን በሩን ክፍት ባደረጉ ነበር፤ የቀድሞ ምርጫውን ማክበር የፈለገም ባከበረ። ሁለተኛው ከውጤቱ የሚነሣ ነው፤ አዲስ ዘፈን ባይጠየቅ የ2021 አሸናፊው የጣሊያን ባንድ ማኔስኪን ከየት ይመጣ ነበር ይላሉ። ማኔስኪን የመጣው ከጣሊያን የዘፈን ፌስቲቫል ከሳንሬሞ ነው። ሳንሬሞ ከዩሮቪዥን የሚበልጥ ዕድሜ አለው፤ በዩሮቪዥን ጣሊያንን የመወከል ዕድል ቀድሞ የሚቀርበው ለአሸናፊው ነው። በ2020 ያሸነፈው ዲዮዳቶ ዘፈኑ ብቻ ሳይሆን ራሱም ያልተመለሰው ለዚህ ነው። በ524 ነጥብ ያሸነፈውን ባንድ ያስገኘው የጣሊያን ሥርዓት እንጂ የኅብረቱ ክልከላ አይደለም።

የሚቀረው ከኅብረቱ ይልቅ ካንን የሚመለከት ነው፤ እኔም በቀላሉ ላልፈው አልችልም። ካን ውድድሩ በተሰረዘ ማግስት ማለት ይቻላል ኤደን አለነን ለ2021 አጸና። ለዚህ ሊመሰገን ይገባዋል። ከዚያ አዳዲስ ዘፈኖች ተጠየቁ፤ ጃንዋሪ 2021 ላይ ለመጨረሻ ከቀረቡት ሦስቱ «ሴት ሚ ፍሪ» ተመረጠ። በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተዘፈነ፣ የዘፋኟን የድምፅ ከፍታ ለማሳየት በሚገባ የተሰናዳ ሥራ ነው። መጨረሻ ላይ ያሰማችው የፉጨት ያህል የቀጠነ ድምፅ በውድድሩ ታሪክ ከፍተኛው እንደሆነ ተነግሮለታል። ፍጻሜው ላይ ደርሳ በ93 ነጥብ 17ኛ ወጣች። አማርኛው ግን በዘፈኑ ውስጥ የለም። አማርኛውን እንዲያወጣ ካንን ያስገደደው ደንብም የለም፤ ከ1999 ጀምሮ አገሮች በፈለጉት ቋንቋ መዝፈን ይችላሉ። አዲስ ዘፈን በአማርኛ ማጻፍ ይቻል ነበር፤ አልሆነም።

ስለዚህ ኅብረቱን ብቻ መክሰስ አይበቃም። ካን ነፃነቱ ቢሰጠው ኖሮ «ፍቅር ልቤ»ን ይዞ ይሄድ ነበር ወይ? በ2020 የተመረጠበት ሞቅታ ዓመት ሙሉ ይቆይ ነበር? ወይስ «ሮተርዳም ምን ይወዳል» የሚለው ስሌት ቀስ በቀስ ያሸንፈው ነበር? የኋለኛው ምርጫ ወደ መጨረሻው ጥያቄ ያደላል፤ ማስረጃ ሊሆን ግን አይችልም፤ ሕዝቡ የመጀመሪያውን ዘፈን ከአዲሶቹ ጋር አስተያይቶ እንዲወስን አልተጠየቀምና። በኢየሩሳሌም፣ በነታንያና በአሽዶድ ያሉ ቤተ እስራኤላውያን አገራቸው ያንን ዘፈን መርጣ እንደነበር ያውቃሉ። ምርጫው የጸና ይሁን የአንድ ሰሞን፣ የኅብረቱ ውሳኔ ለማየት ዕድል አልሰጣቸውም።