አሮጌ ጀልባ ከመግዛታችን በፊት

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ልጆች ትምህርት ነው። ዛሬ ግን ስለ ጀልባ ልናወራችሁ ነው። «ዶካ ተቀምጦ ስለ ጀልባ? ምን ነካቸው!» ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ነገሩ ግን የስምንት ቤተሰብ ገንዘብ ጉዳይ ነውና ታገሡን።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ስምንት ጎረቤቶቻችን ዕቁብ ጥለው ያጠራቀሙትን ይዘው መጡ። ከመካከላቸው አንዱ ጣና ዳር ያደገ አሳ አጥማጅ ነው። አትባራ ወንዝ ላይ አንድ ሻጭ ተገኝቷል፤ አሮጌ የእንጨት ጀልባ ከነሞተሯ። «መምህር፣ ውሉን ይጻፉልን» አሉን። እኛም ብዕር ከማንሳታችን በፊት «ጀልባዋን ማን አያት?» ብለን ጠየቅን። «ፎቶዋን በስልክ አይተናል፤ ቀለሟ እንኳ አዲስ ነው» አሉን።

ቀለሟ አዲስ ነው ሲሉን ደነገጥን። ምክንያቱም እኛ ራሳችን ጎርጎራ አካባቢ ስናስተምር ከሦስት ባልደረቦች ጋር አዋጥተን አንዲት ሰማያዊ ጀልባ ገዝተን ነበር። ቀለሟ ያበራል። በሁለተኛው ሳምንት ሞተሩ የታሰረበት የኋላ እንጨት ተገነጠለና ሞተሩ ጣና ውስጥ ገባ። እንጨቱ ከቀለሙ ሥር በስብሶ እንደ ገንፎ ሆኖ ነበር። ሰው አልጎዳም፣ ተመስገን ነው፤ የአራት ሰው ደመወዝ ግን እዚያው ቀረ።

ደንገል ታንኳ ያየ ሰው እንጨት ጀልባ ያታልለዋል። ጣና ላይ በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማጥመድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው፤ ከዚያ በፊት ሁሉም በታንኳ ነበር። ታንኳ ሲያረጅ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ማንም ያየዋል፤ ተጥሎ ሌላ ይታሰራል። የእንጨት ጀልባ ግን ያረጀ ሳይመስል ነው የሚያረጀው። ታዲያ ምን እንመልከት?

1ኛ/ ጀልባዋን ከውሃ አውጥታችሁ፣ ገልብጣችሁ፣ በቀን ብርሃን እዩዋት። አዲስ ቀለም ወይም አዲስ ሬንጅ ካለ «ምን ለመሸፈን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ወስፌ ያዙ፤ እናቶች መሶብ የሚሰፉበት ወስፌ ይበቃል። የዝናብ ውሃ የሚቋጥርበትን ቦታ ሁሉ ውጉ፤ ማዕዘኖቹን፣ ከወለሉ ጣውላ ሥር፣ በተለይም ሞተር የሚታሰርበትን። ደህና እንጨት ወስፌውን ይመልሰዋል፤ የበሰበሰ ያስገባዋል። በቢላዋ እጀታም አንኳኩ። ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የታመመው ድምፁ የታፈነ ነው።

2ኛ/ ምስማሮቹን እዩ። በምስማሩ ዙሪያ እንጨቱ ጠቁሮ ከለሰለሰ ብረቱ ዝጎ እንጨቱንም በልቶታል ማለት ነው። አንድ ሁለት ቢሆን ይቀየራል። መላው መስመር እንዲያ ከሆነ ግን ጀልባዋን የያዛት ቀለሙ ነውና ተዉት። ከፊት እስከ ኋላ ክር ወጥሩና ከሥር የሚሄደው ወፍራም እንጨት ቀጥ ማለቱን እዩ። ወገቡ የጎበጠ ከሆነ የጎን አጥንቶቹ መሰንጠቃቸውን አንድ በአንድ ቁጠሩ።

3ኛ/ ይሄኛው ለእኛ አካባቢ ዋናው ነው። ራሃድ በበጋ ይነጥፋል፤ ኩሬ ኩሬ ሆኖ ነው የሚቀረው። አትባራም፣ በአገራችን ጓንግ የምንለው ማለት ነው፣ በክረምት ሞልቶ በበጋ የሚጎድል ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው የካሽም ኤል ጊርባ ግድብ እንኳ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ደለሉን ለማጠብ ውሃው በክረምት ሲለቀቅ ኖሯል። ስለዚህ ጀልባ ለወራት ፀሐይ ላይ ይጋደማል። እንጨቱ ይደርቃል፣ ይሸሻል፣ በጣውላዎቹ መካከል ብርሃን ይታያል። እንዲህ ያለች ጀልባ ውሃ ላይ ስትገባ የመጀመሪያው ቀን ማፍሰሷ አይቀርም። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ክፍተቱ ይዘጋል። እንግዲህ ፈተናው ይህ ነው፤ ጀልባዋ ሁለት ሌሊት ውሃ ላይ ትደር። ስንት ጣሳ ውሃ እንደ ቀዳችሁ ቁጠሩ። በሁለተኛው ቀን ከቀነሰ ድርቀት ነበር። ካልቀነሰ ወይም ከጨመረ ብስባሽ ወይም ስንጥቅ ነው። ሻጩ «ሁለት ሌሊት አላሳድርም» ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።

4ኛ/ የላሜራ ጀልባ ከሆነች የምትዝገው ከውስጥ ነው፤ ከወለሉ ሥር ውሃ በሚተኛበት። በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱ። ብየዳ በብየዳ ላይ የተደረበባትን አትንኩ። ደግሞ አስታውሱ፤ የእንጨት ጀልባ ውሃ ቢሞላት እንኳ ብዙ ጊዜ ትንሳፈፋለች፣ ላሜራ ግን ቀጥ ብላ ትሰምጣለች። ክዳኑ በደንብ የተጠረቀመ ባዶ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል ወደ ላይ ይገፋል። ከመቀመጫው ሥር አምስት ስድስቱን ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩ። በማንኛውም ጀልባ ላይ ቢደረግ አይጎዳም።

5ኛ/ ሞተሩን ሻጩ ከማስነሳቱ በፊት በእጃችሁ ዳስሱት። ሞቆ ከጠበቃችሁ ቀዝቅዞ አልነሳ ብሎት ነው አስቀድሞ ያስነሳው። ሲሠራ ማቀዝቀዣው ውሃ በቀጭኑ ያለማቋረጥ መውጣት አለበት። የታችኛውን የማርሽ ዘይት ጥቂት አፍሱና እዩ፤ ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ቤንዚኑ ዘይት ተቀላቅሎበት ነው የሚሠራው። በብዙዎቹ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው፤ አሮጌዎቹ ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። የዚያን ሞተር ልክ ጠይቃችሁ ጻፉት። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ከተነሳ ወዲህ ቤንዚንም መለዋወጫም እንደ ልብ አይደለምና፣ መቅዘፊያ የሌላትን ጀልባ አትግዙ።

6ኛ/ ወረቀት። ሱዳኖች ትንሿንም ጀልባ «መርከብ» ይሏታል። ውሉ ላይ «መርከብ» ተብሎ ሲነበብላችሁ አትደንግጡ፤ ግን የምን ዓይነት፣ ስንት ክንድ፣ የሞተሩ ቁጥር ስንት እንደሆነ ይጻፍበት። የአካባቢው ሽማግሌ ምስክር ይሁን። ከካምፕ ለመውጣት ከኮር የመንቀሳቀሻ ፈቃድ፣ ለማጥመድም የአካባቢው ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ሳይያዝ ገንዘብ አይከፈል። የስምንቱም ድርሻ በስም ይጻፍ፤ ዕቁብ ያስተሳሰረውን ጀልባ እንዳይበትነው።

በመጨረሻም፣ ስንት ሰው ትችላለች? ዳር ላይ፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ፣ ሰውና መረብ ጭናችሁ ለኩ። ከውሃው እስከ ጠርዟ አንድ ስንዝር ተኩል ካልቀረ በዝቷል። ከእኛ መካከል እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በሃምዳይት በኩል ሰቲትን የተሻገራችሁ፣ ከልክ በላይ የተጫነ ጀልባ ምን እንደሚመስል እኛ አንነግራችሁም።

ጎረቤቶቻችን ፈቃድ አውጥተው ሁለት ሰው ላኩ። ወስፌዋን ያዋሱት አንዲት እናት ናቸው፤ ልጃቸው በዚያች ጀልባ ሊሠራ የተመደበ ነው፤ ዋናም አይችልም። ሰዎቹ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ወስፌዋ በሞተሩ መያዣ እንጨት ላይ እስከ እጀታዋ ገብታለች። ሻጩ ዋጋውን በግማሽ ሊቀንስ ተስማምቶ ነበር፤ እነሱ ግን ትተውት መጡ። አንዳንዱ «ዕድል አመለጠን» ብሎ አኩርፏል። እናትየው ወስፌያቸውን ተቀብለው ጠርገው መሶባቸው ላይ ሰኩና «ገንዘቡም ልጁም ቤት አሉ» አሉ።

ገንዘቡ አሁንም በዕቁቡ ጸሐፊ እጅ ነው። ሌላ ጀልባ እየተፈለገ ነው። ልጁም እስከዚያው ዋና ይማር ብለናል።