ከሬሳው አጠገብ የተገኘው

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ሰው ከሬሳ አጠገብ ቆሞ ቢገኝ ገዳዩ እርሱ ነው ብለህ ትፈርዳለህን? ምስክር ሳትሰማ አትፈርድም። የሳይንስ ሊቃውንት ግን በንብ እጭ፥ ማለት ገና ክንፍ ባላበቀለው ትል መሰል የንብ ልጅ ጉዳይ፥ አንድ ጊዜ እንዲህ ፈርደው ነበር።

በ1885 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቼሻየርና ቼይን የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ሰዎች በቀፎ ውስጥ በስብሶ ከሞተ እጭ አንድ ባክቴሪያ ለይተው አወጡና «ባሲለስ አልቬይ» ብለው ሰየሙት። እጩን የሚያበሰብሰው በሽታ አምጪ ይኸው ነው ተባለ፤ ነገሩም ያለቀ መሰለ።

ከሃያ ዓመት በኋላ ጂ. ኤፍ. ኋይት የተባለ አሜሪካዊ ሊቅ ነገሩን እንደገና ቢመረምረው፥ አንድ የተባለው በሽታ ሁለት ሆኖ ተገኘ። በአንደኛው የሞተውን እጭ በክብሪት እንጨት ነክተው ቢስቡት እንደ ሙጫ ክር እየተመዘዘ ይወጣል፤ በሁለተኛው ግን ብዙውን ጊዜ አይመዘዝም። የፊተኛውን አምጪ በ1906 «ባሲለስ ላርቬ» አለው። የሁለተኛውን ደግሞ በ1912 «ባሲለስ ፕሉቶን» ብሎ ሰየመ። ያ የተከሰሰው አልቬይማ እጩ ከታመመ በኋላ ብስባሹን ሊበላ የመጣ ኖሯል!

«ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለስም ነውን?» ትለኝ ይሆናል፤ የላቲን ስም ማጥናት የሰለቻቸው ተማሪዎቼም ይሉኛል። ነገር ግን ላርቬ ስፖር የሚባል ጽኑ ዘር አለው፤ ይኸውም ከ35 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። ስለዚህ በብዙ አገር የታመመው ቀፎ ከነሰፈፉ እንዲቃጠል ይታዘዛል። ፕሉቶን ግን ስፖር የለውም፤ በሽታው ካልጠናበት ንግሥቲቱን በመለወጥ ብቻ ቀፎው ሊድን ይችላል። ችግሩ አልቬይም ስፖር ያለው መሆኑ ነው። መርማሪው በማይክሮስኮፕ ስፖር አይቶ ላርቬ ነው ቢል፥ የሚድን ቀፎ በእሳት ይጠፋል። የአንድ ንብ አርቢ ሀብት በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ኋይት ፕሉቶንን በብልቃጥ ሊያሳድገው አልቻለም ነበር። በ1950ዎቹ ቤይሊ የተባለ እንግሊዛዊ አየር ከልክሎ አሳደገው፤ በ1982ም ከኮሊንስ ጋር «ሜሊሶኮከስ» ወደሚባል አዲስ ወገን አዛወረው። ላርቬም በ1993 «ፔኒባሲለስ» ተባለ፤ ትርጉሙ «ባሲለስ ለመሆን ጥቂት የቀረው» ነው (ሊቃውንትም ይቀልዳሉ!)። በ1950 ከንብ እጭ ተገኝቶ እንደ ሌላ ዝርያ ተቆጥሮ የነበረው «ፑልቪፋሲየንስ» እንኳ በ2006 ከላርቬ ጋር አንድ ሆነ።

እንግዲህ በአሮጌ መጽሐፍ «ባሲለስ ላርቬ» የሚል ብታገኝ፥ ያው ቀፎ የሚያስቃጥለው ነው።