ፍሬሙን ማን ሠራው?

ውድ ግራፊክስ ካርድ ሊገዛ የሚመጣ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቁጥር ይዞ ነው የሚመጣው፤ በሰከንድ ይህን ያህል ፍሬም፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ የሚፈራረቅ ምስል። ቁጥሩን ከማስታወቂያ ወይም ከአጭር ቪዲዮ ለቅሞታል። እኔ ኮምፒውተር በመገጣጠም የምተዳደር ሰው ነኝና ቁጥሩን ከሰማሁ በኋላ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፦ ከዚህ ውስጥ ካርዱ ራሱ የሠራው ስንቱ ነው? ይህ ሳይመለስ ካርድ መገምገምም ሆነ መሸጥ ተገቢ አይደለም ባይ ነኝ።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 2025 የካርድ አምራቹ ኤንቪዲያ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጄንሰን ህዋንግ ላስ ቬጋስ ላይ አዲሶቹን ካርዶች ሲያስተዋውቁ፣ 549 ዶላር የተተመነው አርቲኤክስ 5070 የአርቲኤክስ 4090ን አቅም እንደሚሰጥ ተናገሩ። 4090 በ2022 ለገበያ ሲቀርብ መነሻ ዋጋው 1,599 ዶላር ነበር። ያንኑ አቅም በሲሶ ዋጋ ማን ይጠላል? ካርዱ ገምጋሚዎች እጅ ሲገባ ግን ነገሩ ተለየ። 5070 ወደዚያ አቅም የሚደርሰው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈጠሩ ፍሬሞች ሲታከሉበት ነው። እነሱ ሲነሱ ከ4090 በብዙ ይርቃል። ሜሞሪውም 12 ጊጋባይት ነው፤ የ4090 ደግሞ 24።

ጨዋታው አንድን ፍሬም ከባዶ ሲሠራ ተጫዋቹ ማውዙን ወዴት እንዳዞረ ያነባል፣ ጠላት የት እንደቆመ ያሰላል፣ ከዚያ ምስሉን ያወጣል። ዲኤልኤስኤስ 4 የሚባለው ዘዴ በሁለት እንዲህ ያሉ ፍሬሞች መካከል እስከ ሦስት ተጨማሪ ፍሬም ያስገባል። የገቡት ፍሬሞች ስለ ተጫዋቹ እጅ የሚያውቁት ነገር የለም። እንዲያውም መሐሉን ለመሙላት ቀጣዩ ፍሬም እስኪደርስ መጠበቅ ግድ ስለሆነ ትንሽ መዘግየት ይጨመራል። በዚያ ላይ ምስሉን በዝቅተኛ ጥራት ሠርቶ 4ኬ ወደሚባለው ከፍተኛ ጥራት የሚያሳድግ ሌላ ዘዴ አለ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሠሩ፣ ስክሪኑ ላይ ከሚታዩት 16 ነጥቦች ካርዱ በወጉ ያሰላው አንዱን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ዘዴውን አልነቅፍም። መሠረቱ በሰከንድ 60 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ታሪኩን ተከትሎ ለብቻው ለሚጫወት ሰው እንቅስቃሴውን ያለሰልስለታል። ቅሬታዬ ቁጥሮቹ ተደባልቀው መቅረባቸው ላይ ነው። ደንበኛ ሲጠራጠር ሳይበርፐንክ 2077 የተባለውን ጨዋታ ከፍቼ ከባዱን የብርሃን አሠራር አበራለሁ፤ በሰከንድ 30 ፍሬም ብቻ እንዲወጣ አደርግና በተፈጠሩ ፍሬሞች ወደ 120 አሳድገዋለሁ። ዓይኑ ይደሰታል። ማውዙን ሲይዝ ግን ፊቱ ይቀየራል፤ መሣሪያው ከእጁ ኋላ ይጎተታል። ከዚያ የብርሃኑን ደረጃ ዝቅ አድርጌ፣ ተጨማሪውን አጥፍቼ በእውነተኛ 70 ፍሬም አስጫውተዋለሁ። የትኛው እንደሚሻለው ራሱ ይነግረኛል።

የላይኛውን እርከን፣ አርቲኤክስ 5090ን እንይ። ሲወጣ መነሻ ዋጋው 1,999 ዶላር ነበር፤ ሜሞሪው 32 ጊጋባይት ነው። ለጨዋታ ከሚሸጡት ሁሉ ፈጣኑ መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን በ4ኬ ሁሉንም የብርሃን ስሌት አብርቶ፣ ያለ ምንም አጋዥ ሳይበርፐንክን ሲጫወቱበት በሰከንድ 30 ፍሬም እንኳ አይሞላም። ሞኒተሩ ፉል ኤችዲ፣ ፍጥነቱም 60 ኸርዝ ለሆነ ሰው ደግሞ ገንዘቡ ሜዳ ላይ ፈሰሰ ማለት ነው፤ ስክሪኑ ከ60 በላይ አያሳየውም። 4ኬ የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ነጥብ አለው፤ ካርዱም የተሠራው ለዚያ ሸክም ነው። የሞኒተሩ ጥራት አነስተኛ ሲሆን ፕሮሰሰሩ አልደርስ ብሎ ካርዱ ሥራ ፈት ይቀመጣል።

መብራቱም የግምገማው አካል ነው። ይህ ካርድ እስከ 575 ዋት ይስባል፤ አምራቹም 1,000 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። በ12 ቮልት 575 ዋት ማለት 48 አምፔር ገደማ ነው፤ ይህ ሁሉ በስድስት ቀጫጭን ሽቦዎች ነው የሚገባው፣ እያንዳንዳቸው 8 አምፔር። አንዱ ፒን በደንብ ካልገባ ጭነቱ ወደ ሌሎቹ ይዞራል፣ ሶኬቱም ይግላል። በ2022 አንዳንድ የ4090 ሶኬቶች ቀልጠው ነበር፤ ኩባንያው በዋናነት ያመካኘው ሙሉ በሙሉ አለመሰካታቸውን ነው። ስለዚህ ስሰካ በባትሪ እያበራሁ በሶኬቱና በካርዱ መካከል ክፍተት አለመኖሩን አያለሁ፤ ገመዱም ከሶኬቱ ሥር እንዲታጠፍ አልፈቅድም። መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚያቆየው ዩፒኤስም ይታሰብበት። 600 ዋት የሚችል ዩፒኤስ ሙሉ ማሽኑ ከዚያ በላይ እየሳበ መብራት ቢሄድ አይሸከመውም፤ ጨዋታውም ሥራውም እዚያው ይቆረጣል።

እዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ካርድ ሲገዙ መሳሳት የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ከመደረጉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። አሜሪካ ያለ ወንድም በሻንጣ ይዞት የሚመጣ ካርድ ደግሞ ቢበላሽ ወደ ሻጩ መመለሱ ሌላ ጣጣ ነው። አንዴ የተገዛ ካርድ ለዓመታት አብሮ ይኖራል።

ስለዚህ በአማርኛ ካርድ የምትገመግሙ ወጣቶችም እኛ የምንሸጥ ሰዎችም ሁለቱን ቁጥር ለየብቻ እናቅርብ፦ ካርዱ የሠራውንና የታከለውን። አማካዩን ብቻ አንጥራ፤ ጨዋታው ሲከብድ ፍሬሙ ስንት ድረስ እንደሚወርድም እንናገር፤ ተጫዋቹን የሚያበሳጨው እዚያ ላይ ያለው መንቀጥቀጥ ነውና። የተለካበትን የስክሪን ጥራትና የሚስበውን ዋት እንጨምርበት። ገዢም ይህን ሳያገኝ ገንዘብ አያውጣ። ሁሉን አውቆ 5090 ቢመርጥ ደስ ብሎኝ እገጥምለታለሁ፤ ሞኒተሩን አይቶ በሲሶው ዋጋ ቢረካም እንዲሁ።